መሐሉ የቀረው ታሪክ

"ቃል አጣሁ" ብሎ የጀመረው የግሩፓችን አባል አራት አንቀጽ ጽፎ ነው ያበቃው። ሌላው "እጅሽ ይባረክ" አለ። አንዷ አበባ ላከች፣ አንዱ የሚያጨበጭቡ እጆች ደረደረ፤ ለላክሁት ታሪክ የሚሰጠው ውዳሴ እንደ ክረምት ዝናብ አንዴ ከጀመረ የሚያባራ አይመስልም ነበር። እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስልኬን በሁለት እጄ ይዣለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለውን ምስጋና እያጣጣምኩ ደጋግሜ አነብበው ነበር። ያን እሑድ ከሰዓት ግን ከአንዱ አስተያየት ወደ ሌላው እየዘለልኩ አንድ ነገር እፈልግ ነበር። አንድ ሰው እንኳ ስለ እብጠቱ አልተናገረም።

እብጠቱ የእኔ ነው። ግራ ጡቴ ላይ፣ ወደ ብብቴ ጠጋ ብሎ፣ ቦሎቄ የሚያህል ነገር አገኘሁ። የቦንጋው ሐኪም ዳሰሰና ፊቱን ምንም ሳይለውጥ ወደ ጅማ ጻፈልኝ፤ ያ ያልተለወጠ ፊቱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። ጅማ በመርፌ ናሙና ወሰዱና ውጤቱን መጥቼ የምወስድበትን ቀን ነገሩኝ። ቀኑ ደረሰ፣ አልሄድኩም። ሳምንቱ አለፈ፣ አልሄድኩም። ለራሴ ፈተና እያረምኩ ነው እላለሁ፣ ጉንፋን ይዞኛል እላለሁ፣ አስፋልት የሆነውን መንገድ ጭቃ ነው እላለሁ። እውነቱ ፈርቼ ነው። ውጤቱን እስካልሰማሁ ድረስ ጤነኛ ነኝ፤ ከሰማሁ በኋላ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ይህን የምትለው ደግሞ የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። ያን ሰሞን የሴል ክፍፍል ነበር የማስተምረው። አንዱ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያልኩ ሰሌዳው ላይ ክብ በክብ እሥላለሁ። ከፊት የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ የሚያቆመው መቼ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ያን ቀን ግን ጠመኔውን አስቀምጬ ቀሪውን ነገ እንቀጥላለን አልኩና ደወሉ ሳይደወል ወጣሁ።

ለማን ልንገር? እናቴ ደብረ ብርሃን ናት፣ ደም ግፊት አለባት፤ ስልኩን ሳልዘጋው ትወድቅብኛለች ብዬ ፈራሁ። መምህራን ክፍል የተነገረ ነገር ከሻይ ቀድሞ ይዞራል። የሚቀሩት አከራዬ ናቸው። የካፋ ተወላጅ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ለሥራ የተበተኑባቸው ሴት ናቸው። እሳቸው ደግሞ ያወቁትን ለመንደሩ ሳያካፍሉ ማደር ነውር ይመስላቸዋል፤ በእሳቸው ቤት ይህ ደግነት ነው። ብነግራቸው ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቢው በጠያቂ ይሞላል፣ እኔም በቁሜ ይለቀስልኛል ብዬ ሰጋሁ።

ግቢያቸው ከገባሁ ጀምሮ እድር ግቢ ማለታቸውን ትተው አያውቁም። አንድ ቀን ጎመን እየቀነጠሱ "አንቺ ልጅ፣ ሰው አይደለሽም እንዴ? ሰው ይታመማል፣ ይሞታል። እድር የለሽም፣ ማን ሊያነሳሽ ነው?" አሉኝ።

"እድር አለኝ እትዬ። ይኸው፣ እዚህ ውስጥ ነው" ብዬ ስልኬን ሰጠኋቸው።

ተቀብለው አገላበጡት። "ይሄ ድንኳን ይተክላል?"

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም፤ ስልኬን መለሱልኝና ወደ ጎመናቸው ዞሩ።

ለእኔ ግን ቀልድ አልነበረም። ቦንጋ ተመድቤ ስመጣ ማንንም አላውቅም ነበር፤ ግሩፑን ያገኘሁትም በዚያ ብቸኝነት ነው። የጸሐፊዎች ግሩፕ ነው። አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ደሴ፣ ጎንደር ተበትነን የምንኖር፣ በአካል ተያይተን የማናውቅ ሰዎች ነን። በየእሑዱ ባለተራው ጽሑፉን ያቀርባል፣ ሌላው አንብቦ ይተቻል። ይተቻል ይባላል እንጂ ያመሰግናል ቢባል ይቀላል። ብድር በምድር ነው፤ ዛሬ እኔ ያንተን "ድንቅ" ካልኩ ነገ በተራዬ አንተም የእኔን "ዕፁብ" ትላለህ። እኔም ከዚህ አልጸዳም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ኔትወርኩ መጣሁ ቀረሁ ሲል፣ የመጀመሪያውን አንቀጽ አየት አድርጌ "ብዕርህ አይንጠፍ" ብዬ ያለፍኩት ስንቱን ነው። ቢሆንም እወዳቸዋለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚጠብቁኝ እነሱ ናቸው። ከእነሱ ጋር ስሆን ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች አስተማሪ መሆኔ ይቀርና የምጽፍ ሰው እሆናለሁ።

ተራዬ ሲደርስ እንግዲህ ለእነሱ ልንገራቸው አልኩ። በቀጥታ ለመናገር ድፍረቱ አልነበረኝም። ስለዚህ "አንዲት ሴት" እያልኩ ታሪክ አድርጌ ጻፍኩት። በመጀመሪያው ክፍል ሴትዮዋ ዝናብ ካባራ በኋላ በቆርቆሮ በተከለለ መታጠቢያ ቤት ገላዋን ትታጠባለች፤ ፀጉሯን ልታለቀልቅ ክንዷን ታነሳለች። በሁለተኛው ክፍል እጇ እብጠቱን ያገኘዋል፣ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች፣ በመርፌ ናሙና ይወስዱላታል። በሦስተኛው ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጣ ወደ ጅማ ትጓዛለች፤ ጎጀብ ወንዝ ላይ ስትደርስ ምነው ይህ መንገድ ባላለቀ ብላ ትመኛለች። ታሪኩ እዚያ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔም አላውቀውም ነበር።

ረጅም ጽሑፍ ባንድ ጊዜ ስለማይሄድ ለሦስት ቆርጬ፣ ከየክፍሉ በላይ ቁጥሩን ጽፌ፣ በየተራ ላክሁት። ስልኩን በፊቱ ደፍቼ አልጋው ላይ ተውኩትና በረንዳው ላይ ወጥቼ ቆምኩ። "ይህቺ ሴት አንቺ ነሽ እንዴ?" የሚል አንድ ሰው እንኳ አይጠፋም አልኩ። ይደውልልኛል አልኩ።

ተመልሼ ሳየው ያገኘሁት ያንን ሁሉ ውዳሴ ነው። ቃል ያጣው ሰውዬ በሦስተኛው አንቀጹ ላይ "ናፍቆትን እንዲህ የገለጸ ብዕር አላጋጠመኝም" ይላል። ናፍቆት? አንዷ ደግሞ "ወደምትወደው ሰው የምትሄድ ሴት ገላዋን እንዴት እንደምትታጠብ ሴት ብቻ ናት የምታውቀው" ብላለች። የግሩፑ ሰብሳቢ በዕድሜም በንባብም የሚበልጠን የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ እሱም "ሰውየውን ሳታሳዪን መጨረስሽ ነው የታሪኩ ጥበብ" ብሎ ፈረደ።

የቱ ሰውዬ? ደነገጥኩ። መጀመሪያ የመሰለኝ አፍረው፣ አይተው እንዳላዩ ያለፉኝ ነው። ቀጥሎ የመጣልኝ ከዚያ የባሰ ነበር፤ በሽታ ማየት ጠልተው ፍቅር አደረጉት አልኩ። ወደ ላይ ገፍቼ የራሴን ጽሑፍ ሳየው ነው የገባኝ። ሁለተኛው ክፍል አልሄደም። ኔትወርኩ መሐል ላይ ተቋርጦ ኖሮ ጎኑ ላይ ቀይ ምልክት ተለጥፎበት እኔው ስልክ ላይ ቀርቷል። እነሱ የደረሳቸው ገላዋን ታጥባ ጅማ የምትሄድ ሴት ናት።

ከላይ "ክፍል አንድ" ይላል፣ ቀጥሎ "ክፍል ሦስት" ይላል። ያን ያህል ሰው አጨብጭቦ ሁለት የት ሄደ ያለ የለም። ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ግን ወዲያው አፌ ላይ ደረቀ። ያቺን ቀይ ምልክት ብነካት ክፍሉ ይሄዳል። ጣቴን አስጠጋሁና መለስኩ። ብልከው ያመሰገኑኝ ሁሉ ያፍራሉ፣ እኔም ራቁቴን እቀራለሁ። ከአንድ ሰዓት በፊት ይድረስልኝ ብዬ የተጨነቅኩለትን አሁን እንዳይደርስ እየፈራሁ ነበር። "ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ" ብዬ ጻፍኩ፤ የልብ ምስልም ጨመርኩበት። ስጽፈው እንባዬ ወረደ። ተናድጄም ነበር፣ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። በሬን ቀርቅሬ ተቀምጬ ሰው አልጠየቀኝም ብዬ ነው የማለቅሰው።

በማግስቱ ሰብሳቢያችን ግሩፑን አጸዳ። ሲባል የቆየ ነገር ነው። የማይጽፉ፣ አስተያየት የማይሰጡ፣ ዝም ብለው የሚያነቡ አባላት ሸክም ሆነውብናል ይል ነበር። "ይህ የጸሐፊዎች ቤት እንጂ የተመልካች ወንበር አይደለም" አለና አስወጣቸው። ማን እንደወጣ እንኳ ልብ ያልነው ጥቂት ነን። ድምፁን ሰምተነው የማናውቀው ሰው መሄዱ በምን ይታወቃል?

ማክሰኞ ለሻይ እንደወጣን በግል መልእክት ገባልኝ። የላኪው ምስል ዛፍ ላይ የተሰቀለ የንብ ቀፎ ነው። ግሩፑ ውስጥ አንድም ቀን ሲናገር አይቼው አላውቅም። እንዲህ ይላል፦

"ጤና ይስጥልኝ። ከግሩፑ ስላስወጡኝ እዚያ ልጠይቅሽ አልቻልኩም፤ ይቅርታሽን። ክፍል ሁለት አልደረሰኝም። ሴትዮዋ ጅማ የምትሄደው ለምንድን ነው? ከእሑድ ጀምሮ እየከነከነኝ ነው።"

ብርጭቆዬን አስቀምጬ ወጣሁ። ባንዲራው ሥር ቆሜ ደግሜ አነበብኩት። በቃ፣ እሑድ በረንዳው ላይ ቆሜ የጠበቅኩት ጥያቄ ይኸው መጣ። ሳላመነታ ሁለተኛውን ክፍል ላክሁና "ይኸውልዎ ጋሼ፣ ኔትወርክ አስቀርቶት ነው" ብዬ ጨመርኩ። ጋሼ ያልኩት ቀፎ የሚሰቅል መቼም ወንድ ነው ብዬ ነው።

መነበቡን የሚያሳየው ምልክት መጥቷል፣ መልስ ግን የለም። ክፍል ገባሁ፣ አስተማርኩ፣ ምን እንዳስተማርኩ እንጃ። ወደ ቤት ስመለስ ስልኬን ሳበራ ሳጠፋ የባጃጁ ሾፌር በመስታወቱ አየኝና "ሰው ጠፋብሽ እንዴ እህቴ?" አለኝ። አፈርኩ። ደግሞስ ምን አስቸኮለኝ? ስሙን ለማላውቀው፣ አገሩን ለማላውቀው ሰው ጡቴን ገልጬ አሳየሁት ማለት አይደለም? ፎቶ አንስቶ ለሰብሳቢው ይልከው ይሆናል። ግሩፑ ላይ ተለጥፎ ሁሉም ከንፈሩን ሲመጥልኝ ታየኝ። አከራዬ በር ላይ አግኝተውኝ "ከስተሻል። ምን ሆነሽ ነው?" አሉኝ።

"ፈተና እያረምኩ ነው እትዬ።"

"ፈተና ሰው ይበላል?" አሉና ቆጮ በጎመን አድርገው ሰጡኝ። ሳህኑን ይዤ ገባሁ፤ ሳይነካ አደረ።

መልሱ በማግስቱ መጣ። "አነበብኩት። ድርሰት ከሆነ መርፌው ያለበት አንቀጽ ረዝሟል፣ አሳጥሪው። አንቺ ከሆንሽ ግን፣ ውጤቱን የምትወስጂው መቼ ነው?"

አይዞሽ የለ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ የለ። እንዲህ ያለ ነገር ተብዬ አላውቅም። ብዙ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ መልሼ ጻፍኩ፣ በመጨረሻ የሄደው "እኔ ነኝ። ቀኑ አልፏል። ፈርቼ ነው" የሚል ነው።

"ዓርብ ታስተምሪያለሽ?"

"አላስተምርም።"

"እንግዲያው ዓርብ ጠዋት ቦንጋ መናኸሪያ እንገናኝ። እኔ ቢታ ገነት ነኝ። ሐሙስ መጥቼ እህቴ ቤት አድራለሁ።"

አይሆንም አልኩ። ከቢታ ገነት ቦንጋ፣ ከቦንጋ ጅማ፣ በዚህ ዝናብ እንዴት ተደርጎ፣ አይድከሙ አልኩ። "ብትሞቺ ለቅሶ እመጣ የለም?" የሚል መልስ መጣ። "ለቅሶ እስኪሆን ለምን እጠብቃለሁ?"

ሐሙስን በጭንቀት ነው የዋልኩት። አንዴ ውጤቱን አስባለሁ፣ አንዴ ሰውየውን። ከማላውቀው ወንድ ጋር ጅማ ድረስ መሄድ ምን ዓይነት እብደት ነው? የሰው ነገር አይታወቅም። ፊቱ ካላማረኝ እንዳላየሁ ሆኜ አልፈዋለሁ ብዬ ወሰንኩ፤ ከወሰንኩ በኋላ ደግሞ ባይመጣስ ብዬ መፍራት ጀመርኩ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንዳስጨነቀኝ ዛሬም አልለየሁትም።

ዓርብ ጠዋት መናኸሪያው ጉም ውስጥ ነበር። ረዳቶቹ ጅማ፣ ጅማ እያሉ ይጣራሉ። ኮፍያ ያደረገ ወንድ ሁሉ እሱ ይመስለኛል። አንዱ ወደ እኔ መጣ፤ አልፎኝ ሄደ። ወዲያው ነጠላ የለበሱ፣ መነጽር ያደረጉ፣ ከእናቴ ዕድሜ የማያንሱ ሴት ጃንጥላቸውን እያጠፉ ፊቴ ቆሙ።

"ክፍል ሁለት የቀረብሽ አንቺ ነሽ?" አሉኝ።

እንዴት እንዳወቁኝ ስጠይቃቸው "በጠዋቱ ስልኳን እያየች የምትቆዝም ሌላ ሴት አላየሁም" አሉ።

"ጋሼ ብዬዎታለሁ እኮ" አልኩ አፍሬ።

"ምን ቸገረኝ። ቀፎው የባለቤቴ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ጋሼውን እሱ ወስዶታል ብዬ ዝም አልኩ።"

ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። መንገድ ላይ ስለ በሽታው አንድም ቃል አላነሱም። ስለ ግሩፑ ነው ያወሩኝ። ቃል ያጣው ሰውዬ ጥሩ ጽሑፍ እንደነበረው፣ ምስጋና ሲበዛበት እንደሰነፈ ነገሩኝ። እኔ የረሳሁትን የእኔን ጽሑፍ ሁሉ ያስታውሳሉ፤ ተማሪዎቼን ማንኪራ ጫካ ይዤ ሄጄ ጦጣ ምሳችንን የበላብንን እንኳ። "እሱ አስቆኛል፤ መጨረሻው ላይ ግን ምክር ጀመርሽ" አሉኝ። ምክሩ ላይ ነበር ሁሉም ያጨበጨበው።

"እርስዎ ለምን አይጽፉም?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ማንበብ ነው የምወደው። ሁሉ ከጻፈ ማን ሊያነብ ነው?" ወደ መስኮቱ ዞሩና "መውጣቱ አልከፋኝም። ያንቺን ሳልጨርስ መውጣቴ ነው የከፋኝ" አሉ።

ጎጀብ ስንደርስ እንደ ጻፍኳት ሴት መንገዱ ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ። መንገዱ አለቀ። ሆስፒታሉ ውስጥ አግዳሚው ላይ ስንጠብቅ ተነስቼ ልሂድ አልሂድ እያልኩ በሩን አያለሁ። እሳቸው ከቦርሳቸው ቆሎ አውጥተው ይዘግናሉ። ስሜ ሲጠራ ሁለታችንም ተነሳን። ነርሷ በሩ ላይ አስቆመቻቸው።

"ቤተሰብ ብቻ ነው የሚገባው እማማ። ምኗ ነዎት?"

እናቷ ነኝ ቢሉ ማንም አይጠራጠርም፤ አክስቷ ነኝ ቢሉም ያልፋሉ። እኔ ራሴ እናቴ ናቸው ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

"አንባቢዋ ነኝ" አሉ።

ነርሷ እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች። ምን እንደተረዳች አላውቅም፤ በሩን ይዛ ሁለታችንንም አስገባችን።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ወረቀቱን ገለጠ፣ አነበበ፣ ቀና ብሎ እብጠቱ ካንሰር መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ በእጁ ያስረዳል፣ ጆሮዬ ውስጥ ግን እንደ ወፍጮ የሚጮህ ነገር ነበር። አንድ ቦታ ላይ አብረውኝ የገቡት ሴት ሲጠይቁት፣ እሱም ወደ እሳቸው ዞሮ ሲመልስ አይቻለሁ። ምን እንደጠየቁት አላውቅም።

ወጥተን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ማልቀስ ፈልጌ እንባው እምቢ አለኝ። ሰዎች ካርዳቸውን ይዘው በፊታችን ያልፋሉ።

"ምን አለ?" አልኳቸው።

"የቱ ድረስ ሰማሽው?"

"ካንሰር ነው እስካለው ድረስ።"

መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አደረጉ።

"ውይ ልጄ፣ ያ እኮ መጀመሪያው ነው" አሉኝ። ከዚያ ሐኪሙ ያለውን ቃል በቃል፣ ሳይቸኩሉ ይነግሩኝ ጀመር። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር "በጊዜ ነው የተገኘው" የሚል ነበር።